የውሻችሁን አንገት ልቀቁለት

ዛሬ ስለ ቡችላ የሆድ ትል መድኃኒት ልጽፍላችሁ ነበር። ይቆይ። ከሰበታ እየተመለስኩ ነው፤ እጄ ገና አዮዲን አዮዲን ይላል፣ ንዴቴም አልበረደም።

ያከምኩት ውሻ የሁለት ዓመት የጀርመን ክልስ ነው። ጥርሱ ወደ ውስጥ የዞረ ሰንሰለት አንገቱ ላይ ከርሞ ቆዳውን ዙሪያውን ልጦታል፤ ፀጉሩን ገለጥ ሳደርገው መግል ወጣ። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደሉም። ውሻቸውን ይወዱታል፣ የጠየቅኳቸውንም ሳያቅማሙ ነው የከፈሉኝ። "መንገድ ላይ እየጎተተ አስቸገረን፤ አሠልጣኙ ይሄ ካልታሰረለት አይሰማም አለን" አሉኝ። አሠልጣኙ! ስልኩ ላይ ሦስት ቪዲዮ አይቶ ጥቁር ቲሸርት የለበሰ ሁሉ አሠልጣኝ ሆኖ አረፈው።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ፦ ውሻ ሳይጎትት፣ ተረጋግቶ ከጎን እንዲሄድ እንዴት እንደሚለመድ። ስሙን ማሳወቅ፣ ማሰሪያ ማልመድ ምናምን ውስጥ አልገባም፤ እሱንም ያላደረገ ሰው መጀመሪያ እሱን ያድርግ።

1. ለምን ይጎትታል? ስለናቃችሁ አይደለም። የውሻ እርምጃ በተፈጥሮው ከእኛ ይፈጥናል። አንገቱን ወደ ኋላ ስትስቡት ደግሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ፊት ይገፋል፤ እናንተ በሳባችሁ ቁጥር እሱም ይብሳል። ዋናው ግን መጎተት ስለሚያዋጣው ነው። ጎትቶ ምሰሶው ጋ ደረሰ፣ ምሰሶውን አሸተተ፣ የፈለገውን አገኘ። ነገም ይጎትታል። አንድ ቀን አቁማችሁት በሌላው ቀን "ዛሬስ ቸኩያለሁ" ብላችሁ ከተከተላችሁት ደግሞ ጭራሽ አይተወውም። ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው አንዴ ሃምሳ ብር ደርሶት ዓመት ሙሉ እንደሚቆርጠው ማለት ነው።

2. ዕቃው። ሁለት ሜትር ገደማ፣ መዳፍ የማይልጥ ገመድ። ሰፋ ያለ ለስላሳ የአንገት ማሰሪያ፣ ከተቻለ ደግሞ የደረት ማሰሪያ። የደረቱ ቀለበት ከፊት፣ ደረቱ መሐል ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ሲጎትት ሰውነቱ ወደናንተ ይዞራል። ጀርባው ላይ የሚቆለፈው እንዲያውም ለመጎተት ይመቸዋል። ሱቅ ካጣችሁ የአሮጌ መኪና ቀበቶ ገዝታችሁ ለጫማ ሰፊ ስጡ፤ ቡራዩ ያለ አንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ ከሚሸጠው የሚሻል ሠርቶልኛል። ደረት ደረት የምለው ለርኅራኄ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ውሾች በአንገት ማሰሪያ ሲጎትቱ የዓይናቸው ውስጥ ግፊት እንደሚጨምር፣ በደረት ማሰሪያ ሲጎትቱ ግን እንደማይጨምር ለክቶ አሳይቷል። የአየር ቧንቧውም፣ ታይሮይዱም፣ ወደ ጭንቅላት የሚወጣው ደም ሥርም ያለው እዚያው አንገት ውስጥ ነው።

ስለ ሰንሰለት ግን በሁለት መስመር አልፌ አልሄድም።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የውሻ ኑሮ ይታወቃል፤ ቀን ሰንሰለት፣ ማታ ልቅ። ምክንያቱ ይገባኛል። ሌባ አለ፤ ሱሉልታና ቡራዩ ዳር ዳር ላይ ያላችሁ ደግሞ የጅቡን ነገር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ግን ቀኑን ሙሉ ሁለት ሜትር ክብ ውስጥ ሲዞር የዋለ እንስሳ በሩ ሲከፈት ምን እንዲያደርግ ነው የምትጠብቁት? ሰንሰለቱ ያስተማረው አንድ ነገር ነው፤ ያየኸው ነገር ጋ ለመድረስ እስክትታነቅ ድረስ ተወርወር። ድመት ስታልፍ ይወረወራል፣ ቆራሌው ሲጮህ ይወረወራል፣ የጎረቤት ልጅ በበሩ ስንጥቅ ስታየው ይወረወራል። ይህንን ከጠዋት እስከ ማታ ሲለማመድ የከረመ ውሻ ላይ ገመድ አስራችሁ "አይጎትትም?" ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ።

ከዚያ ያ ጥርስ ያለው ሰንሰለት ይመጣል። "ይሠራል እኮ ዶክተር!" አዎ፣ ለጊዜው ይሠራል፤ ሲያመው ይቆማል። ጥያቄው ግን ሲያመው ምን እያየ ነበር የሚለው ነው። ውሻ "ስለጎተትኩ ነው ያመመኝ" ብሎ አያሰላም። ባጃጅ አየ፣ ጎተተ፣ ተወጋ። ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ አየ፣ ጎተተ፣ ተወጋ። ትንሽ ቆይቶ ልጅቷን ገና ከሩቅ ሲያያት ማጉረምረም ይጀምራል፤ እሷ በመጣች ቁጥር አንገቱን የሚወጋው ነገር አለና። ባለቤቱ ታዲያ ምን ይላል? "ኃይለኛ ሆነልኝ!" ይልና ለአሠልጣኙ ጉርሻ ይጨምርለታል። ኃይለኛ አልሆነም። ፈርቷል። የሚነክሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የፈራ ውሻ ነው።

ይሄ የኔ የግል አስተያየት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ፖርቱጋል ውስጥ በውሻ ማሠልጠኛዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ በቅጣት የሚሠለጥኑት ውሾች ምራቅ ውስጥ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ከሥልጠና በኋላ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። በዓመቱ፣ በ2021፣ በእንስሳት ባሕርይ ላይ የሚሠሩ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሥልጠና ሁሉ በሽልማት ይሁን፣ ማነቂያም ሆነ ጥርስ ያለው ሰንሰለት ሆነ የኤሌክትሪክ ማሰሪያ ቦታ የላቸውም ሲል አቋሙን አወጣ።

"አለቃነትህን አሳየው" የምትሉትንም ተረት እዚሁ ልጨርሰው። መነሻው ሩዶልፍ ሼንክል የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1947 የጻፈው ነው፤ ያጠናቸው ተኩላዎች ደግሞ ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ መካነ እንስሳት ውስጥ ተዘግተው የሚኖሩ ነበሩ። ዴቪድ ሜች የሚባል ሌላ ተመራማሪ በ1970 መጽሐፉ ሐሳቡን በዓለም ናኘው። ከዚያ ራሱ ሜች ዱር ወርዶ ዓመታት አይቶ፣ የተኩላ መንጋ ማለት እናት፣ አባትና ልጆቻቸው እንጂ ለሥልጣን የሚታነቁ ወሮበሎች አይደሉም ብሎ በ1999 አረመው። ሰውየው ራሱ ከተወው ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈው፤ እኛ ግን ቲክቶክ ላይ ገና እንደ አዲስ ግኝት እናጋራዋለን። ቡችላ በጀርባው አጋድሞ ጉሮሮውን የሚረግጥ ጎረምሳ ቪዲዮ ስንት ሰው ላከልኝ መሰላችሁ!

ወደ ሥራችን።

3. ክፍያ። ሳንባ። ሉካንዳ ሄዳችሁ ሳንባ ግዙ፣ በደንብ ቀቅሉ፣ በሽምብራ መጠን ክተፉ፣ በፌስታል አድርጋችሁ ኪስ ውስጥ። እንጀራ ፍርፋሪ ሲበላው የሚውለው ነገር ስለሆነ መንገድ ላይ ዋጋ የለውም። ጥሬ ሳንባና ጥሬ ጉበት ግን ለውሻ አትስጡ፤ በጭራሽ። የበሬና የበግ ሳንባ ላይ የምታዩት ውኃ የቋጠረ ከረጢት የኤክኖኮከስ ትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ የልጃችሁ እጅ፣ ከዚያ የልጃችሁ ጉበት። ከረጢት ያለበትን አቃጥሉት ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩት። የእርድ ሰሞን አጥር ላይ የሚወረወረውን ሳንባ ሳይ የሚሰማኝን አልነግራችሁም።

"በምግብ ማስተማርማ ጉቦ ነው" የሚሉ አሉ። እናንተስ ያለ ደሞዝ ትሠራላችሁ?

4. ግቢ ውስጥ። መንገድ ላይ አትጀምሩ። ገመዱ ላላ ይበል፤ ሳንባው ግራ ኪስ ይሁን። ስሙን ጥሩ፤ ሲያያችሁ "ጎበዝ" በሉና ግራ ጭናችሁ ላይ፣ የሱሪው ስፌት አጠገብ አብሉት። አንድ እርምጃ ሂዱ። እዚያው ስፌቱ ጋ ካለ "ጎበዝ"፣ ሳንባ። ሁለት እርምጃ። አራት። መዞር። መቆም። ቃሉ ከምግቡ ቀድሞ ይውጣ፤ እጃችሁ ወደ ኪስ ከገባ በኋላ የሚባል "ጎበዝ" ለውሻው ምንም አይነግረውም። የምታበሉበትም ቦታ ወሳኝ ነው። ከፊታችሁ ካበላችሁት ከፊታችሁ መጥቶ ይጠልፋችኋል። አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ይበቃል። ግራ የሆነው ከወታደርና ከአዳኝ የቀረ ልማድ ነው፤ ጠመንጃው በቀኝ ስለሚያዝ። በቀኝ ብታለምዱት ኩነኔ የለበትም፣ ቀኝና ግራ እያቀያየራችሁ ግን አታደናግሩት።

ቃልም አንድ ይሁን። አባት "ሲት"፣ ልጅ "ተቀመጥ"፣ ዘበኛው "ታኢ" እያሉት ውሻው ደደብ ነው ይባላል። በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፤ አንዱን መርጣችሁ ሁላችሁም እሱን ብቻ በሉ።

5. በሩ። (ይሄ ከ4 ጋር መሆን ነበረበት፤ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።) ከበሩ ሲወጣ ያበደ ውሻ መንገድ ላይ አይረጋጋም። ገመዱን ይዛችሁ በሩ ጋ ቁሙ፤ ዝም በሉ። ሲቀመጥ በሩን በስንጥቅ ክፈቱ። ከተነሣ ዝጉት። አትጩሁ፣ አትቆጡ፣ ዝም ብላችሁ ዝጉት። የመጀመሪያው ቀን ሻይ ፈልቶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በሩ ላይ ልትቆሙ ትችላላችሁ፤ ምንም አይደለም። መውጣት ለእሱ ከሳንባ የበለጠ ሽልማት ነው፣ ቁልፉ ደግሞ እናንተ ጋ ነው።

6. መንገድ ላይ። ገመዱ ሲወጠር ቁሙ። መልሳችሁ አትሳቡት፤ ቁሙ ብቻ። ሲላላ ሂዱ። ወይም ዞራችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። ጎትቶ አንድም ምሰሶ ጋ አይድረስ፤ ላልቶ ከሄደ ግን ሂዱና እንደፈለገ ያሽትት። ይሄን ወታደራዊ ሰልፍ አታድርጉት። ጉልበት ሥር ተጠግቶ መሄድ አስፋልት ለማቋረጥ፣ ሰው ለማሳለፍ ነው፤ በቀረው መንገድ ገመዱ እስከላላ ድረስ ማሽተት መብቱ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ ማንም የማያነሳውን ላንሳ። ይሄን ሁሉ የማሳየው ለማን ነው? ለባለቤቱ። ውሻውን ይዞ የሚወጣው ማነው? ዘበኛው። ቡራዩ ውስጥ አንድ ግቢ ባለቤቱ በረንዳ ላይ ሆነው ቡና እየጠጡ ያዩኛል፤ በየጠዋቱ ውሻውን ይዘው የሚወጡት አዛውንት ግን በሩ ጋ ቆመዋል፣ የጠራቸው የለም። "አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይያዙት" ስላቸው ደነገጡ። "ዶክተር፣ እኔን እኮ እስከ ዛሬ ያሳየኝ የለም። ሲጎትተኝ በትሬን አሳየዋለሁ፣ በቃ" አሉኝ። እኚህ ሰው ከብት ሲጠብቁ ያደጉ ናቸው፤ እንስሳ ሳያስደነግጡ መያዝ ያውቁበታል። የገመዱን አያያዝና የሳንባውን ነገር ሳሳያቸው ከባለቤቱ በፈጠነ ጊዜ ያዙት። አረማመዳቸው ዝግ ያለ ነው፣ ድምፃቸው ከፍ አይልም፣ ስልክ አይነካኩም። ውሻው ስፌታቸው ላይ ተለጥፎ ሄደ።

"ወር ሙሉ ውሰድና አሠልጥነህ መልስልኝ" የምትሉኝ ሰዎች፣ ለዚህ ነው እምቢ የምላችሁ። ወስጄ እኔ ጋ ቢሄድ ምን ይጠቅማችኋል? ውሻው እኔን ይማራል፤ ግቢያችሁ ሲመለስ ያው ሰንሰለት፣ ያው የሚጎትተው እጅ ይጠብቀዋል። በሳምንቱ "ሥልጠናው ጠፋ" ትላላችሁ። አልጠፋም፤ ገመዱን የያዘው ሰው አልተማረም። ዘበኛው፣ ሠራተኛዋ፣ ልጆቹ፣ ውሻውን የሚይዙት ሁሉ አብረው ካልቆሙ ብራችሁን አታባክኑ።

ከተሞቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ሰበታ ጅማ መንገድ ላይ ናት፤ የፋብሪካ ሰርቪስ፣ የጭነት መኪና፣ ባጃጅ። ቡራዩ ላይ የአምቦ መንገድ አህያና ጋሪ ከሲኖትራክ ጋር ይጋፋል። ሱሉልታ ደግሞ የሯጭ አገር ነው፤ ቀነኒሳ ያሠራው መም እዚያው ነው፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ በቡድን የሚሮጥ ወጣት የጎጃምን መንገድ ሞልቶታል። የሚሮጥ ሰው ለውሻ የሚባረር ነገር ነው። ሯጮቹ ድንጋይ ይዘው ይሮጣሉ፤ ድንጋይ የሚወረወርበት ውሻ ደግሞ በሚቀጥለው ቀን ሯጭ ሲያይ ይብስበታል። ለሁሉም መፍትሔው ርቀት ነው። ውሻው ሳንባውን አልበላም ካለ በጣም ቀርባችኋል፤ ሳይጮህ አይቶ መብላት እስኪችል ድረስ ራቁ። ባጃጁን እያየ ይብላ፣ ሯጩን እያየ ይብላ። በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ቅረቡ። በጩኸትም በልምጭም የማይገኘው ነገር ይሄ ነው።

ሰበታ ላይ ሌላም ነገር አለ። የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። በነጭ በትር የሚሄድ ሰው ውሻችሁ ከየት እንደሚወረወር አያይም፣ መሸሽም አይችልም፤ በትሩ መሬት ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ደግሞ ያልለመደ ውሻን ያስበረግጋል። ውሻችሁን በትር ለያዘ ሰው አስለምዱት፤ ከሩቅ፣ በሳንባ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1916 ኦልደንበርግ ላይ በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች መሪ ውሻ ማሠልጠን ጀምረው ነበር። ያው የጀርመን ዘር ነው፣ እናንተ ጥርስ ያለው ሰንሰለት የምታስሩለት። ዓይነ ስውር እየመራ ከተማ የሚያቋርጥ ዘር እኛ ጋ ሲደርስ አንድ ምሰሶ ሳይጎትት ማለፍ አቃተው ማለት ጥፋቱ የዘሩ ነው?

ስለ ሕግ ደግሞ፦ "'ከውሻ ይጠንቀቁ' የሚል ሰሌዳ ለጥፌያለሁ" የምትሉ፣ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 አንብቡ። እንስሳህ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ አንተ ነህ፤ በድንገት አምልጦህ ቢሆንም፣ ያላሰብከው ቢሆንም። ሰሌዳው አያድንህም።

ወደ መሥሪያ ቤቶች ልግባ መሰለኝ። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሥር ከገቡ በኋላ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር፤ ለውሻ ባለቤቶች ነፃ ትምህርት ልስጥ፣ አዳራሽ ብቻ ፍቀዱልኝ ብዬ። "የውሻ ጉዳይ ጤና ነው" ተባልኩ። ጤናው "እንስሳ ስለሆነ ግብርና ነው" አለ። ግብርናው "ከብት ነው የኛ" አለ። ውሻ የማንም አይደለም። ሰው ሲነከስ ግን የሁሉም ይሆንና ስብሰባ ይጠራል። የአገሪቱ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እዚያው ሰበታ ነው ያለው፤ የነሱ ሥራ ምርመራና ምርምር ነው፣ እነሱን አልወቅስም። የጎደለው ቀበሌ ላይ ውሻ የሚመዘግብ፣ በዓመት አንዴ ሠፈር ለሠፈር የሚከትብ ሰው ነው። ዓለም በውሻ የሚመጣውን የእብድ ውሻ በሽታ የሰው ሞት እ.ኤ.አ. በ2030 ዜሮ አደርጋለሁ ብሏል፤ ለዚያ ከውሾቹ ሰባ በመቶው መከተብ አለበት። እኛ ውሾቹ ስንት እንደሆኑ እንኳ አልቆጠርንም። የምናውቅበት መርዝ መበተን ነው፤ ያልተከተበ ውሻ የሞተበትን ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ መጥቶ ይይዘዋል። ባሌ ያሉትን ቀይ ቀበሮዎች በተደጋጋሚ የጨረሳቸው በሽታም ከውሻ የሄደ ነው።

እና ውሻችሁ ሳይከተብ ከበር አይውጣ። ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ማንም ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። ቁስሉ ላይ በርበሬ፣ ቅጠል፣ ቡና አታድርጉ። ጠበል የምትሄዱ ሂዱ፤ ክትባቱን ጀምራችሁ ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሐኪም የሚያደርገው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

አሠልጣኝ ልትቀጥሩ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት "ውሻው ሲሳሳት ምን ታደርጋለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። "አጠብቀዋለሁ"፣ "አሳየዋለሁ"፣ "ይሄ ዘር ካልተመታ አይሰማም" ካለ ሸኙት። መልሱ ካረካችሁ ደግሞ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ፣ እናንተና ዘበኛው ባላችሁበት ያሳያችሁ። ውሻው ጭራው ወዴት እንደሆነ፣ ከእጁ ይበላ እንደሆነ፣ ሲጠራው መጥቶ ይሁን ተጎትቶ ተመልከቱ። ገመዱን ለዘበኛው ሰጥቶ ራሱ ዳር ይቁም። ዋጋውን ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ።